ጅብ ከሄደ የጮኸው ፍተሻ፦ በሊኑክስ የኔትወርክ ኮድ ውስጥ የተገኘ የባዶ ጠቋሚ ስህተት

በኮምፒውተር ፕሮግራሞች ላይ ከሚደርሱ ብልሽቶች መካከል ረጅም ዕድሜ ያስቆጠረውና እስከ ዛሬም በየጊዜው የሚያገረሸው «የባዶ ጠቋሚ» ስህተት የሚባለው ነው። ይህ ስህተት በአንድ ተራ ፕሮግራም ላይ ሲደርስ የሚዘጋው ያ ፕሮግራም ብቻ ስለሆነ ተጠቃሚው እንደገና ከፍቶ ሥራውን ይቀጥላል፤ በኦፐሬቲንግ ሲስተሙ ውስጥ፣ በተለይም የኔትወርክ መረጃን በሚያስተናግደው ክፍል ሲደርስ ግን መላው ማሽን ሊቆም፣ ከዚያም አልፎ በሌላ ሰው ቁጥጥር ሥር ሊወድቅ ይችላል። እ.ኤ.አ. በ2009 ሊኑክስ በተባለው ኦፐሬቲንግ ሲስተም ላይ የታየው ችግር ለዚህ ጥሩ ማስረጃ ነው። የችግሩ ምንጭ የተረሳ ፍተሻ ሳይሆን፣ በአግባቡ ተጽፎ ሳለ ከተገቢው ቦታ ዝቅ ብሎ የገባ ፍተሻ መሆኑ ደግሞ ጉዳዩን ይበልጥ አስተማሪ ያደርገዋል።

ጠቋሚ እና ባዶነት

የኮምፒውተር ማህደረ ትውስታ በተርታ የተደረደሩና እያንዳንዳቸው የራሳቸው ቁጥር ያላቸው እጅግ ብዙ ጥቃቅን ክፍሎች ስብስብ ሲሆን፣ ይህ ቁጥር አድራሻ ይባላል። ጠቋሚ የሚባለው ደግሞ መረጃውን ራሱን ሳይሆን መረጃው የተቀመጠበትን አድራሻ የሚይዝ ዋጋ ነው። ሃርድዌሩን የሚቆጣጠረውና ለሌሎች ፕሮግራሞች ሁሉ ማህደረ ትውስታን፣ ፋይልንና ኔትወርክን የሚያድለው የኦፐሬቲንግ ሲስተሙ አስኳል ከርነል ይባላል። የሊኑክስ ከርነል በአብዛኛው የተጻፈው ዴኒስ ሪቺ በ1970ዎቹ መጀመሪያ በአሜሪካው ቤል ላብስ ባዘጋጁት «ሲ» በተባለ የፕሮግራም ቋንቋ ሲሆን፣ በሲ ውስጥ ያለ ጠቋሚ የሚሠራ ነገር የለም ማለት ይቻላል። ለምሳሌ አንድ የኔትወርክ ካርድ በከርነሉ ውስጥ የሚወከለው ስሙን፣ ያለበትን ሁኔታና ተራ የሚጠብቁ የመረጃ እሽጎቹን በሚይዝ መዝገብ ነው፤ የከርነሉ ክፍሎችም ይህን መዝገብ የሚቀባበሉት በየጊዜው እየገለበጡ ሳይሆን አድራሻውን እየተለዋወጡ ነው።

አንዳንድ ጊዜ ግን የሚጠቆም ነገር አይኖርም። ካርዱ ገና አልተሰካ ይሆናል፣ ወይም ተነቅሎ መዝገቡ ተሰርዟል፤ በዚህ ጊዜ ጠቋሚው የዜሮ ዋጋ ይሰጠዋል፣ ትርጉሙም የሚያመለክተው ቦታ የለም ማለት ነው። ይህን ሐሳብ እ.ኤ.አ. በ1965 «አልጎል ደብልዩ» በተባለው ቋንቋ ውስጥ ያስገቡት እንግሊዛዊው የኮምፒውተር ሳይንስ ሊቅ ቶኒ ሆር ሲሆኑ፣ እኒሁ ሰው ከ44 ዓመታት በኋላ ለንደን ላይ ባደረጉት ንግግር ያንን ውሳኔያቸውን የቢሊዮን ዶላር ስህተት ብለው ጠርተውታል። ይሁንና የጠቋሚው ባዶ መሆን በራሱ ጥፋት አይደለም፤ ጥፋት የሚሆነው ባዶነቱ ሳይመረመር፣ አለ ተብሎ የታሰበውን መዝገብ ለማንበብ ወይም ለመለወጥ ሲሞከር ነው።

ከርነሉ ሲሰናከል የሚተወው ምልክት

ከርነሉ በባዶ ጠቋሚ ተመርቶ ወደ ዜሮ አድራሻ ሲሄድ፣ ያ የማህደረ ትውስታ ክፍል በተለመደው አሠራር ምንም እንዳይቀመጥበት የተተወ ስለሆነ፣ ፕሮሰሰሩ ንባቡን ይከለክልና ስህተት መድረሱን ያስታውቃል። ከርነሉም በባለሙያዎች ዘንድ «ኡፕስ» የሚባለውን መልእክት ይጽፋል። በመልእክቱ ውስጥ ስህተቱ ሲደርስ በሥራ ላይ የነበረው ፈንክሽን፣ ማለትም አንድ የተወሰነ ሥራ የሚያከናውነው የኮድ ክፍል፣ ወደዚያ ያደረሱት ፈንክሽኖች በቅደም ተከተል፣ እንዲሁም ሊነበብ የተሞከረው አድራሻ ተዘርዝረው ይገኛሉ።

በዚህ መልእክት ላይ የሚታየው አድራሻ ብዙ ጊዜ ራሱ ዜሮ ሳይሆን እንደ 16 ወይም 24 ያለ ትንሽ ቁጥር ነው። ይህ የሚሆነው ከርነሉ መዝገቡ ከዜሮ አድራሻ እንደሚጀምር ቆጥሮ፣ ከመዝገቡ መነሻ 16 ወይም 24 ባይት ርቆ የሚገኘውን ዋጋ ለማንበብ በመሞከሩ ነው። ስለሆነም ስህተቱን የሚመረምረው ባለሙያ የመዝገቡን አቀማመጥ ተመልክቶ በዚያ ርቀት ላይ የተቀመጠው የትኛው ዋጋ እንደሆነ ሲለይ፣ ባዶ የነበረው ጠቋሚ የትኛው እንደሆነና በየትኛው የኮድ መስመር ላይ ያለ ፍተሻ ጥቅም ላይ እንደዋለ ለማወቅ ብዙም አይቸገርም።

የኔትወርክ ኮድ ከሌላው የከርነል ክፍል ይልቅ ለአደጋ የሚጋለጥበት የራሱ ምክንያት አለው። አንድ ፕሮግራም ከርነሉን አገልግሎት ጠይቆ በመሃል ስህተት ቢደርስ፣ ከርነሉ ያንን ፕሮግራም ብቻ አቋርጦ ለመቀጠል ይሞክራል። ከውጭ የሚመጣ የመረጃ እሽግ ግን ማሽኑ ሌላ ሥራ ላይ እያለ ድንገት የሚደርስና ፕሮሰሰሩ የያዘውን አቁሞ የሚያስተናግደው በመሆኑ፣ በዚህ መሃል ስህተት ሲፈጠር ተጠያቂ ሆኖ የሚዘጋ ፕሮግራም አይኖርም፤ ስለዚህ ከርነሉ ማሽኑን በሙሉ ከማቆም ሌላ አማራጭ የለውም።

የ«ተን» ድራይቨር ጉዳይ

ድራይቨር የሚባለው ከርነሉ ከአንድ መሣሪያ ጋር የሚነጋገርበት ኮድ ነው። «ተን» የተሰኘው የሊኑክስ ድራይቨር የሚያገለግለው ግን በእጅ የሚዳሰስ ካርድ ሳይሆን በሶፍትዌር ብቻ የሚፈጠር የኔትወርክ መሣሪያ ነው። ወደዚህ መሣሪያ የተላከ እሽግ በሽቦ ወይም በአየር አይሄድም፤ መሣሪያውን ለከፈተው ፕሮግራም ይሰጣል። የቪፒኤን ፕሮግራሞች በዚህ መንገድ እሽጉን ተቀብለው፣ በምስጢራዊ ኮድ ለውጠው በእውነተኛው ኔትወርክ ይልኩታል። በአንድ ኮምፒውተር ላይ ሌላ ኮምፒውተር አስመስለው የሚያሠሩ ፕሮግራሞችም የተን እና የአቻው የ«ታፕ» ተጠቃሚዎች ናቸው።

ተንን መጠቀም የሚጀመረው በሁለት እርምጃዎች ነው። ፕሮግራሙ በመጀመሪያ የመሣሪያውን ፋይል ይከፍታል፣ ቀጥሎም ፋይሉ ከየትኛው የኔትወርክ መሣሪያ ጋር እንዲያያዝ ከርነሉን ይጠይቃል። ከመጀመሪያው እርምጃ በኋላና ከሁለተኛው በፊት ባለው ጊዜ ፋይሉ ክፍት ቢሆንም የተያያዘ መሣሪያ ስለሌለ፣ የመሣሪያውን መዝገብ ለሚጠይቅ ኮድ የሚሰጠው መልስ ባዶ ጠቋሚ ነው። ይህ እንግዳ ነገር አልነበረም፤ ድራይቨሩን የጻፉት ባለሙያዎችም ያውቁታል፣ በየቦታው ይፈትሹታልም።

እ.ኤ.አ. በ2009 መጀመሪያ ላይ በአንድ መሣሪያ ላይ ተራ የሚጠብቁት እሽጎች ቁጥር ከልክ እንዳያልፍ የሚገድብ ማሻሻያ ወደ ድራይቨሩ ገባ። ማሻሻያው በራሱ ጠቃሚ ሲሆን፣ ከሌሎች ነገሮች ጋር «ፖል» የተባለውን አገልግሎት፣ ማለትም ፕሮግራሙ የሚነበብ ነገር መኖሩንና ለመጻፍ ቦታ መኖሩን የሚጠይቅበትን ፈንክሽን ነካካ። ከማሻሻያው በኋላ ፈንክሽኑ በቅድሚያ የመሣሪያውን መዝገብ ጠቋሚ ይቀበላል፤ ቀጥሎ በዚያ ጠቋሚ ተመርቶ መዝገቡ ውስጥ ገብቶ የሶኬቱን፣ ማለትም መረጃ የሚተላለፍበትን የግንኙነት ጫፍ፣ አድራሻ ያወጣል፤ ከዚያ በኋላ ነው የመዝገቡ ጠቋሚ ባዶ መሆን አለመሆኑን የሚፈትሸውና ባዶ ከሆነ የስህተት ምልክት መልሶ የሚወጣው። ፍተሻው አለ፣ አጻጻፉም እንከን የለውም፤ ነገር ግን ሊከላከለው የተጻፈለት ድርጊት ከእሱ በፊት ተፈጽሟል። «ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ» የሚባለው ለዚህ ነው።

ይህ ኮድ በሰኔ 2009 በወጣው የከርነሉ 2.6.30 እትም ውስጥ ለሕዝብ ተሰራጨ። በዚህ እትም ላይ የተንን ፋይል ከፍቶ ሳያያይዝ ፖልን የሚጠራ ማንኛውም ፕሮግራም ከርነሉን ያሰናክላል።

ፍተሻውን የሰረዘው ኮምፓይለር

ሰው የሚጽፈውን የሲ ኮድ ፕሮሰሰሩ ወደሚረዳው የማሽን ቋንቋ የሚለውጠው ፕሮግራም ኮምፓይለር ይባላል፤ ለሊኑክስ ከርነል በጊዜው ያገለግል የነበረውም ጂሲሲ የተሰኘው ነው። ኮምፓይለር ኮዱን መስመር በመስመር ብቻ አይተረጉምም፤ ሥራው እንዲፈጥን አላስፈላጊ መስሎ የታየውን ያስወግዳል። የሲ ቋንቋ ደንብ ደግሞ በባዶ ጠቋሚ ተመርቶ ማንበብ ምን ውጤት እንደሚኖረው አይደነግግም። በደንቡ ያልተወሰነ ነገር በትክክለኛ ፕሮግራም ውስጥ ፈጽሞ እንደማይደርስ አድርጎ መገመት ለኮምፓይለሩ የተፈቀደ ነው።

ከዚህ ግምት የሚመነጨው ድምዳሜ በቀላሉ ሊከተሉት የሚቻል ነው። ኮዱ በጠቋሚው ተመርቶ መዝገቡን አንብቧል፤ መዝገቡ ከተነበበ ጠቋሚው ባዶ ሊሆን አይችልም፤ ጠቋሚው ባዶ ሊሆን ካልቻለ ቀጥሎ የመጣው ፍተሻ ውጤቱ አስቀድሞ የታወቀ ነው፤ ውጤቱ የታወቀ ፍተሻ ደግሞ ጊዜ ከማባከን በቀር ጥቅም የለውም። ጂሲሲም በዚሁ መሠረት ፍተሻውን ከማሽን ኮዱ ውስጥ አስወገደው። በመሆኑም ምንጩን የሚያነብ ሰው ፍተሻውን በዓይኑ እያየው፣ በሚሠራው ከርነል ውስጥ ግን ፍተሻው የለም። ኮምፓይለሩ ደንብ አልጣሰም፤ የቅደም ተከተሉ ስህተት ግን በዚህ ምክንያት ከነበረው የከፋ መዘዝ አስከተለ።

ከመሰናከል ወደ መነጠቅ

ስህተቱ በሐምሌ 2009 መጀመሪያ ላይ ሲስተካከል፣ ማስተካከያው የተገለጸው ከርነሉ እንዳይሰናከል የሚያደርግ ተራ ጥገና ተብሎ ነበር። በዚያው ወር አጋማሽ ግን «ጂአርሴኪዩሪቲ» የተባለውን የሊኑክስ ደህንነት ማጠናከሪያ የሚያዘጋጁት ብራድ ስፔንግለር፣ ይኸው ስህተት አንድን ተራ ተጠቃሚ የማሽኑ ባለ ሙሉ ሥልጣን ሊያደርገው እንደሚችል በሚሠራ ፕሮግራም አሳዩ። ስህተቱም በደህንነት ክፍተቶች ዓለም አቀፍ መዝገብ ሲቪኢ-2009-1897 የሚል ቁጥር ተሰጠው።

የጥቃቱ መነሻ ዜሮ አድራሻ ሁልጊዜ ባዶ ሆኖ አለመገኘቱ ነው። አንድ ፕሮግራም የራሱን ማህደረ ትውስታ በፈለገው አድራሻ ላይ እንዲዘረጋለት ከርነሉን ሊጠይቅ ይችላል፤ ዜሮ አድራሻ ላይ ከተፈቀደለት ደግሞ እዚያ የሐሰት መዝገብ ያስቀምጣል። ከርነሉ በባዶ ጠቋሚ ተመርቶ ወደዚያ ሲሄድ ፕሮሰሰሩ የሚከለክለው ነገር ስለሌለ አይሰናከልም፤ ያስቆመው የነበረው ፍተሻም በኮምፓይለሩ ተሰርዟል። ስለዚህ ከርነሉ አጥቂው የጻፈውን መዝገብ የራሱ አድርጎ እያነበበ ሥራውን ይቀጥላል።

ፈንክሽኑ ወደ መጨረሻው ላይ፣ ሶኬቱ ቦታ ሲጠብበት ይህንኑ ለማመልከት አንዲት ቢትን፣ ማለትም ዜሮ ወይም አንድ ብቻ መሆን የምትችለውን የመረጃ ቅንጣት፣ ወደ አንድ ይለውጣል። ሶኬቱ ያለበትን አድራሻ የሚናገረው የሐሰት መዝገቡ በመሆኑ፣ ቢቷ የምትለወጥበትን ቦታ የሚመርጠው አጥቂው ነው። አንዲት ቢት ከንቱ ትመስል ይሆናል፤ ነገር ግን በከርነሉ ውስጥ ባዶ የነበረን የፈንክሽን ጠቋሚ ከዜሮ ወደ አንድ ለመቀየር በቂ ናት። ከርነሉ ከዚያ በኋላ ያንን ፈንክሽን ሲጠራ አድራሻ አንድ ላይ ያገኘውን ትእዛዝ ይፈጽማል፤ በአድራሻ አንድ ላይ ያለው ደግሞ አጥቂው ያስቀመጠው ኮድ ነው።

እንዲህ ያለውን ጥቃት ለመከላከል ተብሎ እ.ኤ.አ. በ2007 በወጣው 2.6.23 እትም ውስጥ፣ ተራ ፕሮግራሞች ከተወሰነ ቁጥር በታች ባለ አድራሻ ላይ ማህደረ ትውስታ እንዳይዘረጉ የሚገድብ መከላከያ ገብቶ ነበር። ይሁን እንጂ መከላከያው ቀዳዳ ነበረው። ደህንነትን ለማጥበቅ የተሠራው «ኤስኢሊኑክስ» ራሱ በጊዜው በነበረው አሠራር ገደቡን ያላላ ነበር፤ ከፍተኛ ሥልጣን ተሰጥቷቸው በሚነሱ አንዳንድ ፕሮግራሞች በኩል ገደቡን ማለፍም ይቻል ነበር።

ጥገናው በየደረጃው

የመጀመሪያው ጥገና ዓይን የሚሞላ አልነበረም። የሶኬቱን አድራሻ ከመዝገቡ የሚያወጣው መስመር ከፍተሻው በታች እንዲወርድ ተደረገ፤ በቃ ይኸው ነው። ጠቋሚው ባዶ ከሆነ ፈንክሽኑ መዝገቡን ሳይነካ የስህተት ምልክት መልሶ ይወጣል፣ ኮምፓይለሩም ፍተሻውን የሚሰርዝበት ምክንያት አይኖረውም።

ነገር ግን ተመሳሳይ የቅደም ተከተል ስህተት በሌሎች ፋይሎች ውስጥ የማይኖርበት ምክንያት የለም። ስለዚህ ከርነሉ ሲዘጋጅ ኮምፓይለሩ የባዶ ጠቋሚ ፍተሻዎችን በግምት እንዳይሰርዝ የሚከለክል ትእዛዝ በከርነሉ የግንባታ ፋይል ውስጥ ገባ። የዜሮ አድራሻ መከላከያውን ቀዳዳዎች የመድፈን ሥራም ተከተለ። አንዱ ጥገና የተገኘውን ስህተት ሲያርም፣ ሌሎቹ ገና ያልተገኙት ስህተቶች የሚያደርሱትን ጉዳት ይቀንሳሉ።

የእነዚህ ጥገናዎች አስፈላጊነት ወር ሳይሞላ ተረጋገጠ። በነሐሴ 2009 ታቪስ ኦርማንዲ እና ዡልየን ቲን የተባሉ የደህንነት ተመራማሪዎች፣ ከ2001 ጀምሮ በከርነሉ ውስጥ የቆየ ሌላ የኔትወርክ ኮድ ስህተት ይፋ አደረጉ። እያንዳንዱ የኔትወርክ ፕሮቶኮል፣ ማለትም መረጃ የሚተላለፍበት ስምምነት፣ የሚሠራባቸውን ፈንክሽኖች የሚዘረዝር ሰንጠረዥ አለው፤ ከእነዚህ አንዱ የፋይልን ይዘት ሳይገለብጥ በቀጥታ ወደ ሶኬት የሚልክ ነው። ብሉቱዝንና አይፒኤክስን ጨምሮ የአንዳንድ ፕሮቶኮሎች ሰንጠረዥ ይህን ቦታ ባዶ ትቶት ሳለ፣ ከርነሉ ሳይፈትሽ ይጠራው ነበር፤ ውጤቱም በቀጥታ ወደ ዜሮ አድራሻ ዘሎ እዚያ ያለውን ትእዛዝ መፈጸም ነው። ጥገናው በየፕሮቶኮሉ ሰንጠረዥ እየዞሩ ቀዳዳ መድፈን አልነበረም። ጥሪው አስቀድሞ በሚፈትሽና ቦታው ባዶ ከሆነ ወደ ተለመደው የመላኪያ መንገድ በሚመልስ አንድ የጋራ ፈንክሽን በኩል እንዲያልፍ ተደረገ፤ ወደፊት ሌላ ፕሮቶኮል ቦታውን ባዶ ቢተወው እንኳ ስህተቱ እንዳይደገም ማለት ነው።

ባዶ ጠቋሚ ባሠናከለ ቁጥር አንድ ፍተሻ መጨመር ግን መፍትሔ ላይሆን ይችላል። ጠቋሚው በዚያ ቦታ ፈጽሞ ባዶ መሆን የማይገባው ከሆነ፣ ፍተሻው ከርነሉን ከመሰናከል ያድናል እንጂ መዝገቡ ለምን እንደጠፋ አይመልስም። በተለይ በኔትወርክ ኮድ ውስጥ አንዱ ፕሮሰሰር እሽግ እያስተናገደ ሌላው መሣሪያውን ሊሰርዝ ስለሚችል፣ በፍተሻው ጊዜ ትክክለኛ የነበረው ጠቋሚ ከፍተሻው በኋላ ባዶ ሊሆን ይችላል። በዚህ ጊዜ የሚያስፈልገው ጠቋሚውን አንድ ጊዜ ብቻ አንብቦ በቅጂው መሥራት፣ እንዲሁም መዝገቡን የሚጠቀም እስካለ ድረስ እንዳይሰረዝ ማድረግ ነው። ሊኑክስ ከ2002 ጀምሮ የሚጠቀምበት «አርሲዩ» የተባለው ዘዴ የተዘጋጀው ለዚህ ነው፤ አንባቢዎች ሥራቸውን እስኪጨርሱ ድረስ አሮጌውን መዝገብ ያቆየዋል።

ከዚያ ወዲህ የተገኙ መሻሻሎች የአደጋውን መጠን ቀንሰዋል። ኢንቴል እ.ኤ.አ. ከ2012 እና ከ2014 ጀምሮ ባወጣቸው ፕሮሰሰሮች ውስጥ ከርነሉ በተጠቃሚ ማህደረ ትውስታ ውስጥ ያለ ኮድ እንዳይፈጽምና ያለ ፈቃድ መረጃውን እንዳያነብ የሚከለክሉ ሁለት መከላከያዎች አስገብቷል። የጎግል ባለሙያዎች ያዘጋጁት «ሲዝቦት» የተባለ ሥርዓት ደግሞ ከ2017 ጀምሮ ለከርነሉ ያልተለመዱ ጥያቄዎችን ያለማቋረጥ እያቀረበ እንዲህ ያሉ ስህተቶችን ያድናል። በታኅሣሥ 2022 በወጣው 6.1 እትም «ረስት» የተባለው ቋንቋ ወደ ከርነሉ መግባት ጀምሯል፤ በዚህ ቋንቋ ሊኖርም ላይኖርም የሚችል ዋጋ፣ አለመኖሩ ሳይመረመር ጥቅም ላይ እንዳይውል ኮምፓይለሩ ራሱ ያስገድዳል።

የኔትወርክ ኮዱ አብዛኛው ክፍል ግን ዛሬም በሲ የተጻፈ ነው፤ የአንድሮይድ ስልኮች የሚሠሩትም በዚሁ የሊኑክስ ከርነል ነው። ስለዚህ በስልክ ወይም በኮምፒውተር ላይ የሚመጣ የደህንነት ማሻሻያ፣ መግለጫው ተራ ብልሽት ማስተካከያ ነው ቢልም፣ ሳይዘገይ መጫን ይኖርበታል። ኮድ የሚጽፍ ሰው ደግሞ ፍተሻ መጻፉ ብቻ ሊያረካው አይገባም፤ ከአጠቃቀሙ በኋላ የመጣ ፍተሻ ከሌለ ፍተሻ አይሻልምና።